በክር የተለካ ጠባሳ

ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ያሕያ ሸሪፍ፤ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የባሕር ማዶው ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? እኛ አልሐምዱሊላህ ቆመን እንሄዳለን። የእማዬን ዓይን የጋረደው ነገር ትንሽ ባሰባት እንጂ ሌላው ጤናዋ ደህና ነው። ማሾው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ ተባይ ካልቀደመን በሚመጣው ወር እንለቅማለን። እኔም ዐሥረኛ ክፍል ገብቻለሁ።

ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን አመንትቻለሁ። ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ በደሴ በኩል ከመጣ አውቶቡስ የወረደ ሰው እየጠየቀ ቤታችን ድረስ መጣ። በር ላይ ቆሞ የእማዬን ስም ሲጠራ የወጣሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ያሕያ፣ ፊቱን ሳየው ወደ ኋላ ሸሸሁ። ከግንባሩ በታች ያለው ቆዳ ሁሉ ተቃጥሎ የዳነ ነው። ቀኝ ዓይኑን ጠባሳው ወደ ታች ስቦታል፣ ከንፈሩ በአንድ ወገን አይገጥምም፣ አገጩም ከአንገቱ ጋር ተያይዞ ቀና ማለት አይችልም። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ተጣብቀዋል። ድምፁ የሻከረ ነው።

«ናፊሳ ነሽ?» አለኝ።

«አዎ። እርስዎ ማን ነዎት?»

«ሷሊሕ ነኝ» አለ።

እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ለብሔራዊ ውትድርና የወሰዱት ወንድማችን፤ ስምንት ዓመት ወሬው ጠፍቶ፣ ሞቷል ብለን ዱዓ ያስደረግንለት ሷሊሕ ነኝ ነው የሚለው።

እማዬ ግድግዳውን እየዳበሰች ወጣች። ሰውየው ከፊቷ ተንበረከከ። እጇን ግንባሩ ላይ አሳርፋ ጠባሳውን እስከ አንገቱ ድረስ ዳሰሰችው። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ «ምን አቃጠለብኝ?» ብቻ አለችው። ከዚያ ወዲያ ለእሷ ነገሩ አልቋል፤ ልጇ ነው።

ለእኔ ግን አላለቀም። በ1983 ጦሩ ሲፈታ ነዳጅ የጫነ መኪና ላይ ነበርኩ፣ ሱዳን ውስጥ ከሰላ በምትባል ከተማ ሆስፒታል ብዙ ተኛሁ፣ ከዚያ ገዳሪፍ ሰሊጥ ሳርም ኖርኩ ይላል። ለምን አልጻፍክም ስለው የተጣበቁ ጣቶቹን አሳየኝ። የትልቁን በሬያችንን ስም አያስታውስም። በሌላ በኩል አባባ፣ አላህ ይማራቸው፣ ይሰግዱበት የነበረውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ማንም ሳይመራው ወንዙ ዳር ሄዶ አገኘው። መሬት በቤተሰብ ቁጥር እንደገና ሊደለደል ነው የሚል ወሬ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሰው ሁሉ ዘመድ አብዝቷል።

እርስዎ ከእሱ ጋር አብረው አድገዋል። ሌላ ሰው የማያውቀው ምልክት ካለ ይጻፉልኝ። እስከዚያው የጓዳውን ቁልፍ አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትዎ ናፊሳ ሸሪፍ


ጅዳ፣ ኅዳር 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ቢስሚላህ።

ለምወድሽ እህቴ ለናፊሳ፤

ወዐለይኩሙ ሰላም። የእማዬን እጅና ጉልበት ሳሚልኝ። ደብዳቤሽ በሃያ ስድስተኛ ቀኑ ደረሰኝ፤ ከዚያ ወዲህ የረባ እንቅልፍ የለኝም።

ቁልፉን መያዝሽ ጥሩ ነው። ሰውየው ውጭ ባለው ጎጆ ይደር እንጂ ዋናው ቤት አይግባ። ፊቱን እያየሽ አትዘኝለት። ምሽግ ውስጥ የከረመ ወታደር ከጓደኛው አፍ የማይሰማው የቤተሰብ ነገር የለም። የአባባን መስገጃ ድንጋይም ሷሊሕ ራሱ አውርቶለት ይሆናል።

እኔ እንደምታውቂው በአንድ የግል ክሊኒክ ቁስል አጣቢ ነኝ፤ ፋሻ እቀይራለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያየሁት የሰው ቆዳ ነው። ቁስል ሲድን ደሙ ይረጋል፣ ቅርፊት ይይዛል፣ ከሥር አዲስ ሥጋ ቀላ ብሎ ይነሣል፣ ቆዳውም ከዳር ከዳር እየተሳበ ይጠግጋል። አዲስ ጠባሳ ያብጣል፣ ያሳክካል፣ ሲነኩት ይጠነክራል። ዓመት ሁለት ዓመት ሲሞላው ይረግባል፣ ይሳሳል። ጠጉር አይበቅልበትም፣ ላብ አይወጣውም። ስለዚህ የልጅነት ጠባሳና ያምና ጠባሳ አይምታታብሽም።

ሷሊሕ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ግራ ባቱ ላይ ቆስሎ ነበር። ጠባሳው ከጉልበቱ መታጠፊያ አራት ጣት ዝቅ ብሎ ነው፤ ርዝመቱ የትንሽ ጣት ያህላል። በክር ለክተሽ ክሩን በፖስታው ውስጥ ላኪልኝ። ከዚያ ሌላ ሰው በሌለበት እንዴት እንደቆሰለ ጠይቂው፤ የመለሰልሽን አንድም ቃል ሳትጨምሪ ጻፊልኝ። እኔ እንደጠየቅሁ አትንገሪው።

ለእማዬም አታንብቢላት።

ወንድምሽ ያሕያ


ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 5 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ያሕያ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህ ሲደርስዎ ረመዳን ገብቶ ይሆናል፤ አላህ ጾሙን ያግራልን። ማሾው ተለቅሟል። እማዬ ግንባርዎን ትስማለች፤ «ያሕያ ስለ ወንድሙ ምን አለ?» እያለች በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ተደስተዋል አልኳት። የዋሸሁት በእርስዎ ትእዛዝ ነው።

ክሩን ልኬአለሁ። ሁለት ቋጠሮ ያለበት ነው፤ ከጫፉ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ ከጉልበት መታጠፊያ እስከ ጠባሳው፣ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ የጠባሳው ርዝመት ነው።

የለካሁት እንዲህ ነው። ከዙሁር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ማንጎው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ ይጋደማል። የተቃጠለው ቆዳው ስለማያልበው ሙቀቱ ይጠናበታል፤ እማዬ ጨርቅ ውኃ ነክራ ፊቱ ላይ ትጥልለታለች። ተኝቷል ብዬ ሽርጡን ትንሽ ገልጬ ክሩን ሳሳርፍ፣ ጨርቁን ከፊቱ ሳያነሣ፣

«ያሕያ ነው ያዘዘሽ?» አለኝ።

መልሴን ሳይጠብቅ እግሩን ዘረጋልኝ።

«ለኪው እንግዲህ።»

ጠባሳው አለ። ግራ ባቱ ላይ ነው። መሐሉ ሰፋ ብሎ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ የወይራ ቅጠል የሚመስል። ረግቧል፤ ጠጉር የለበትም። ነገር ግን ከጉልበቱ መታጠፊያ ስድስት ጣት ይርቃል፤ አራት አይደለም። ርዝመቱም ከመሐል ጣቴ አያንስም።

«ምን ሆኖ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የታጨደ ማሽላ ጉቶ ላይ ወድቄ ነው» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ይህ እማዬ ስትናገረው የኖረችው ነገር ነው፤ ቃሉ እንኳ አይለይም። እኔንም ያስጠረጠረኝ እሱ ነው፤ እዚሁ ከመጣ በኋላ ከእሷ ሰምቶት ይሆናል። ደግሞ ከእርስዎ ሌላ ሰው እንዳላዘዘኝ በምን አወቀ?

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ሳምንት የቦይ ውኃ ሲያጠጣ የጎረቤቶቻችን ልጆች ፊቱን አይተው ሮጡ። ወደ ዛፉ ዞሮ እስኪርቁ ጠበቀ፤ ከዚያ ሥራውን ቀጠለ። አሳዘነኝ። ማዘኔን ደግሞ አልወደድኩትም።

እህትዎ ናፊሳ


ጅዳ፣ የካቲት 28 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለእህቴ ለናፊሳ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። እንኳን ለዒድ አደረሳችሁ።

ክሩን እግሬ ላይ አድርጌ አየሁት። ቦታው አይደለም፤ ርዝመቱም አይደለም። እግሩ ላይ ጠባሳ የሌለበት የቆላ ሰው ስንት አለ? ወታደር ከሆነ ደግሞ እሾሁም ጥይቱም አለ።

ከሁሉ የከፋው መልሱ ነው። ሷሊሕ ጉቶ ላይ አልወደቀም። ሷሊሕ ቢሆን ኖሮ ይህን አይልሽም ነበር። እኔና እሱ ብቻ የምናውቀው ነገር ነበረ፤ ይህ ሰው አያውቀውም። ስለዚህ ወንድማችን አይደለም። ወንድማችን ሞቷል፤ አላህ ይማረው።

ይህንኑ ለአጎታችን ለጀይላን ለብቻው ጽፌላቸዋለሁ። ከአሊዩ አምባ ወርደው እንዲያስወጡት ለምኛቸዋለሁ። ቀበሌ ሄዶ በቤተሰብ ካርዳችሁ ላይ እንዳይመዘገብ። እማዬ ታለቅሳለች፤ ታልቅስ። ኋላ ከምትዋረድ አሁን ብታለቅስ ይሻላል።

ሌላ ክር መላክ አያስፈልግም።

ያሕያ


ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 25 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለጋሼ ያሕያ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

አጎቴ ጀይላን መጥተው ነበር። ደብዳቤዎን ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ በሰው መሐል አስነበቡት። «የሸሪፍ ልጅ አይደለም» የሚለው ሲነበብ ሰውየው ጫማውን አንሥቶ ወጣ፤ አልተከራከረም። አሁን መስጊዱ ግቢ ባለች ክፍል ያድራል። እማዬ በየቀኑ ምሳውን ይዛ ትሄዳለች፤ አጥር ዳስሳ መንገድ ትሻገራለች፤ እኔን «ይዘሽኝ ሂጂ» አትለኝም። ከእኔ ጋር መነጋገር ትታለች።

በዚያው ሰሞን አንገቱ ላይ ያለው ጠባሳ ተሰንጥቆ ማመርቀዝ ጀመረ። ሼህ አብዱልመጂድ «ሰውዬው ማንም ይሁን፣ ቁስሉ ቁስል ነው፤ አሳክሙት» ስላሉ ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። ሲስተር ደብሪቱ የምትባል ነርስ አጠበችለት። የቃጠሎ ጠባሳ ቆዳውን እየሳበ እንደሚያሳጥረው፣ ሲወጠር እንደሚሰነጠቅ አስረዳችኝ። በዚያው የባቱንም አሳየኋትና የእርስዎን አራት ጣት፣ የእኔን ስድስት ጣት ነገርኳት።

ሳቀች። «በስንት ዓመቱ ነው የቆሰለው?» አለችኝ።

«በዘጠኝ።»

«እና እግሩ በዘጠኝ ዓመቱ እንደነበረ ቀርቷል? አጥንቱ ሲረዝም ቆዳው አብሮ ይሳባል፤ ጠባሳውም ይረዝማል፣ ከጉልበቱም ይርቃል። እንዲያውም አራት ጣት ላይ ብታገኚው ነበር የምጠራጠረው።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ በጣቷ ዳርና ዳሩን ሄደችበት። «ጉቶ ግን አይደለም። ጉቶ ሥጋ ይበጣጥሳል፤ ጠባሳው ወጣ ገባ ይሆናል። ይሄ ዳሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ስለት ነው የቆረጠው። ሳይሰፋ ስለዳነ ነው መሐሉ የሰፋው።»

እሱ ሰማት። ሸሚዙን እየቆለፈ ነበር፤ አላየኝም።

ጋሼ ያሕያ፣ ቁስል በማጠብ ስድስት ዓመት የኖሩ ሰው ጠባሳ ከልጅ ጋር እንደሚያድግ አያውቁም? ወይስ ያውቁ ነበር?

ስንመለስ «ጋሼ ያሕያ ጉቶ አይደለም ብለዋል» አልኩት።

ቆመ። አንገቱ ስለማይዞር ሰውነቱን ሁሉ አዙሮ አየኝ። «ታዲያ ምን ነው አለ?»

«እሱን አልጻፉም።»

«እሱ ካልተናገረ ጉቶ ነው» አለኝና ሄደ።

ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። እርስዎ ውሸት ነው ይላሉ፤ እውነቱን ግን አልጻፉም። እሱ የሚዋሽ ይመስለኛል፤ የሚዋሸው ግን ለራሱ አይደለም። ስለት ከሆነ የማን ስለት ነው? ያን ቀን ማሳው ላይ ከእሱ ጋር የነበሩት እርስዎ ብቻ እንደነበሩ እማዬ ድሮ ነግራኛለች።

ልጅ ብሆንም የማስታውሰው ነገር አለ። ቀበሌዎቹ ለውትድርና የመጡት የእርስዎን ስም ይዘው ነበር። እርስዎ በዋዜማው በአዋሽ በኩል ወደ ጅቡቲ ወጥተዋል። አባባን «እሱ ካልተገኘ ከቤቱ ሌላ አንድ እንወስዳለን» ሲሏቸው ሰምቻለሁ። ሷሊሕን ከትምህርት ቤት በር ላይ ነው የወሰዱት። በዚህ ቤት ስለዚህ ነገር ተወርቶ አያውቅም፤ እኔም እስከ ዛሬ አንሥቼብዎት አላውቅም።

ከዐረፋ በኋላ በእሱ ጉዳይ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። መልስዎን እጠብቃለሁ።

ናፊሳ


ጅዳ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለናፊሳ፤

ሰላም። የሐጅ ወቅት ስለሆነ ለመቀመጥ ጊዜ የለኝም። እግራቸው የተላጠ፣ ፀሐይ ያቃጠላቸው ሰዎች በሩ ላይ ተሰልፈው ነው የምጽፍልሽ። የጠየቅሽው በደብዳቤ የሚሆን አይደለም፤ በአካል ስንገናኝ እንነጋገራለን። ሽማግሌዎቹ እስከ ሐምሌ ይታገሡኝ። ላንቺ የሚሆን ጫማ በሰው ልኬአለሁ።

ያሕያ


ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት 6 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለጋሼ ያሕያ፤

ሰላም ለእርስዎ። ጫማው ደርሷል፤ አላደረግሁትም።

ሽማግሌዎቹ ለሰኔ 13 ሐሙስ ቀጥረዋል፤ አይቆዩም። አጎቴ ጀይላን የእርስዎን ቃል ይዘው ይቆማሉ። እሱን ለራሱ ምን እንደሚናገር ጠየቅሁት፤ «ምንም» አለኝ። «እንግዲያው ያባርሩሃል» አልኩት። «ገዳሪፍን አውቀዋለሁ» አለ።

እማዬ ከእሱ ጋር ልትሄድ ልብሷን በሻሽ ቋጥራለች። ዓይኗ የማያይ ሴት ሱዳን ልትሄድ ነው። ይህን እንዲያውቁት ብዬ ነው።

ናፊሳ


ጅዳ፣ ግንቦት 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ለእህቴ ለናፊሳ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን በፖስታ አልላክሁትም፤ ወደ ደሴ ለሚመለስ ሰው በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፤ ከዚያ ያሻሽን አድርጊ።

በ1972 ኅዳር ላይ ነው። ማሽላ እያጨድን ነበር፤ አባባ ገበያ ወርደዋል። ሷሊሕን በሬዎቹን እንዲጠብቅ አዘዝኩት፤ እንቅልፍ ወሰደውና በሬዎቹ የሰው ማሾ ውስጥ ገቡ። ባለማሳው መጥቶ ማዶ ማሳ የሚያጭደው ሰው ሁሉ እያየ በጥፊ መታኝ። ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ሰውየው ሄዶ ሌላውም ወደ ሥራው ሲመለስ ሷሊሕ ሳቀ። አሁን ሳስበው ፈርቶ ነው የሳቀው፤ ልጅ ሲፈራ ይስቃል። በእጄ የነበረውን ማጭድ ወረወርኩበት።

ሥጋው ሲከፈት መጀመሪያ ነጭ ነበር፤ ደሙ ቆይቶ ነው የመጣው። በሽርጤ አሥሬ ተሸክሜው ስወርድ «ወድቄ ነው እላለሁ» ያለው እሱ ራሱ ነው። ለእኔ ግን ቃሉ አልበቃኝም። አባባን እፈራ ነበር፤ ያባርሩኛል ብዬ አሰብኩ። ቁስሉ ጠግጎ እያነከሰ መራመድ ሲችል መስጊድ ወስጄ፣ ውዱእ አስደርጌ፣ እኔ ካልተናገርኩ በቀር እሱ ለማንም እንዳይናገር ቁርአን አስመትቼ አስማልኩት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ።

የወጋ ይረሳል ይባላል። እኔ አልረሳሁም። ቁስል ማጠብ የያዝኩት እንጀራ ሆኖኝ ነው፤ ግን ባት ላይ የተቆረጠ ሰው ሲመጣ ለጓደኛዬ አሳልፌ እሰጠዋለሁ።

«ጉቶ ላይ ወድቄ ነው» አለ ብለሽ ስትጽፊልኝ ሁለት ነገር ሊሆን እንደሚችል ገብቶኛል። ወይ ከሰው የሰማ አታላይ ነው፤ ወይ መሐላውን የጠበቀ ሷሊሕ ነው። ከሁለቱ ለእኔ የሚቀለውን መረጥኩ። ስለ ክሩም የጠየቅሽኝ እውነት ነው፤ ጠባሳ ከልጅ ጋር እንደሚያድግ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ። «እሱ ካልተናገረ ጉቶ ነው» ያለውን ሳነብ ግን ልመርጥ የምችለው ነገር አለቀብኝ። ይህን ከሷሊሕ በቀር የሚናገር የለም። ያንን አንብቤ ነው እውነቱን ሳልነግርሽ አንድ ወር የቆየሁት።

የውትድርናውም እውነት ነው። ስሜ እንደወጣ የነገረኝ ሰው ነበረ። እኔ ከጠፋሁ ማንን እንደሚወስዱ አላሰብኩም ብልሽ እዋሻለሁ።

ሞቷል ሲባል አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ደግሞ የሚጠይቀኝ ሰው እንደሌለ አሰብኩ፤ ደብዳቤሽ እስኪመጣ ድረስ በዚያ ተኛሁ። ተመለሰ ስትይኝ እንደመደሰት ፈራሁ።

ሽማግሌዎቹ ፊት ይነበብ። ሷሊሕ ወንድሜ ነው። ይህን እኔ ያሕያ ሸሪፍ ጽፌ ፈርሜአለሁ።

አንገቱን በተመለከተ፦ ቁስሉ ሲደርቅ በየቀኑ ጠዋትና ማታ በዘይት እሺለት፤ ግንባሩን ይዘሽ ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ሳቢው፣ ሲያመው አቁሚ። ያረጀ ጠባሳ ብዙ አይመለስም፤ ግን መሰንጠቁን ይቀንስለታል። ለሙሉ ሕክምናው አዲስ አበባ ጠባሳውን ቆርጠው ከጭኑ ቆዳ የሚተክሉ ሐኪሞች አሉ፤ ሲስተሯ ትጻፍለት።

ያሕያ


ሸዋ ሮቢት፣ ሰኔ 21 ቀን 1988 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ለጋሼ ያሕያ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እኛ ደህና ነን፤ አንድ ቤት ነን።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ካነበብኩት በኋላ መስጊዱ ግቢ ሄጄ ለጋሼ ሷሊሕ አነበብኩላቸው። አዎ፣ ጋሼ ሷሊሕ ነው የምላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ሲያልቅ ስለ ማጭዱም ስለ ውትድርናውም ምንም አላሉም፤ «ሽማግሌ ፊት አታንብቢው» አሉኝ። ለምን ስላቸው «ያሕያ በዚህ አገር ፊት ያስፈልገዋል፤ የእኔ አንዴ ሄዷል» አሉ።

እኔ ግን አነበብኩት። ሐሙስ ዕለት፣ ከመጀመሪያው እስከ ፊርማዎ፣ አንድም ቃል ሳልዘልል። ጋሼ ሷሊሕ ተቆጥተውኝ እንደሆነ አላውቅም። በእርስዎ ውሸት በሰው ፊት የወጣ ሰው በእርስዎ እውነት በሰው ፊት መመለስ አለበት ብዬ ነው።

አጎቴ ጀይላን መሐል ላይ ተነሥተው መውጣት ፈልገው ነበር፤ ሼህ አብዱልመጂድ «ተቀመጡ፤ ያስነበብነውን ያህል እንስማ» አሏቸው። ሲያልቅ አጎቴ የጋሼ ሷሊሕን የተጣበቀች እጅ ይዘው ሳሙ፤ አፉ በሉኝ አሉ። ጋሼ ሷሊሕ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሐላዬ ፈረሰ ወይ ብለው። ሼሁ፣ ያስማለው ሰው ራሱ ስለተናገረ አልፈረሰም አሏቸው። ያኔ ነው ትከሻቸው የወረደው።

እማዬ ከጥግ ተቀምጣ ነበር። ከሼሁ ቀጥላ እሷ ተናገረች። «ቁስሉን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ስለት መሆኑን ያኔውኑ አይቻለሁ፤ ዓይኔ ያይ ነበር። ብጠይቅ አባታቸው አንዱን ከቤት ያወጡብኛል ብዬ ጉቶ ነው አልኩ። ዝም ባልኩት ይኸው ሁለቱም ሄዱብኝ» አለች።

ያን ቀን ማታ ጋሼ ሷሊሕ ዋናው ቤት ገቡ። ሰኞ ቀበሌ ሄደው ካርዱ ላይ ስማቸው ሰፈረ። የአንገታቸው ቁስል ደርቋል። ሲስተር ደብሪቱ ለአዲስ አበባ ሪፈር ጽፋላቸዋለች፤ ክረምቱ ሲያልፍ እንሄዳለን። ያሉኝን ጠዋትና ማታ በዘይት አሻለሁ። መጀመሪያ ቀን «ይህን ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። እርስዎ እንደሆኑ ነገርኳቸው። እጄን ከግንባራቸው ላይ አንሥተው ተነሥተው ሄዱ። በማግስቱ ግን ራሳቸው በርጩማ ይዘው መጥተው ከፊቴ ተቀመጡ። አሁን የማንጎውን ቅርንጫፍ ቀና ብለው ማየት ጀምረዋል፤ ጫፉን ገና አላዩም።

እማዬ ትመርቅዎታለች። ምርቃቷን ስትጨርስ ግን ታለቅሳለች፤ ይህንንም አልደብቅዎትም። ይምጡ ትላለች።

ይህን ስጽፍ ጋሼ ሷሊሕ አጠገቤ ናቸው። ለጋሼ ያሕያ ሰላምታ ልጻፍልዎት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ገና ነው» አሉኝ።

እኔም ከዚህ ሌላ የምጨምርበት የለኝም።

እህትዎ ናፊሳ ሸሪፍ